ዘጠና ሦስት ላይ የፈላ ውሃ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቃልኪዳን ከትምህርት ቤት መጥታ የኬሚስትሪ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ልብስ ልትቀይር ገባች። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት። እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም፤ የሳሙና ካርቶን ቢሆንም አነባለሁ። ገለጥኩት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች የላብራቶሪ ደንቦች ናቸው፤ ፀጉር ይታሰር፣ አይበላም፣ አይጠጣም፣ ምንም ነገር አይቀመስም፣ ሽታ በእጅ ወደ አፍንጫ እየተራገበ እንጂ ብልቃጥ ላይ ተደፍቶ አይሸተትም። ቀጥሎ በማስመሪያ አሳምራ የሠራችው ሠንጠረዥ አለ። ከላይ “ውሃ የሚፈላበት ሙቀት” ይላል። አንደኛ ሙከራ መቶ፣ ሁለተኛ ሙከራ መቶ፣ ሦስተኛ ሙከራ መቶ፣ አማካይ መቶ።

“ይሄን አይተሽ ነው የጻፍሽው?” አልኳት ስትወጣ።

“ቴሌግራም ላይ ተልኮልን ነው እማማ። ክፍሉ በሙሉ እሱን ነው የገለበጠው።”

“ቴርሞሜትሩስ?”

“አንድ ነው ያለው። ተራው ለእኛ ሳይደርስ ተደወለ።”

ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሳቄ ቀደመኝ። ልጅቱ ግራ ገብቷት ታየኛለች። ዕድሜዬን በሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የፈጀሁ ሴት ነኝ፤ የሰው ደምና ሽንት መርምሬ የየሰዉን ቁጥር ስጽፍ ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖሬአለሁ። እንዲህ ዓይነት ሠንጠረዥ ሳይ ደሜ መፍላት ነበረበት። ግን ያቺ መቶ የምትባል ቁጥር ለእኔ የድሮ ጠላቴ ናት፤ አምልጫት ነው እዚህ የደረስኩት፤ ባየኋት ቁጥር ከመቆጣት ይልቅ እፎይ ማለት ይቀናኛል። ቃልኪዳንን አስቀምጬ ያወራሁላትን ነው አሁን የምጽፈው፤ እሷ ግማሹን ስልኳን እያየች ስለሰማችው ቢያንስ ወረቀት ይስማኝ።

ያኔ፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሶዶ እንዲህ አልነበረችም። ባጃጅ የሚባል ነገር አናውቅም፤ ዛሬ በየማዕዘኑ እየተሽሎከለኩ የሚያስደነግጡን እነዚህ ሰማያዊ ነገሮች ከየት እንደመጡ እንኳ አላስታውስም፤ አንድ ቀን ስነሣ ከተማው ሞልቷቸው አገኘሁ። እኛ የዳሞታ ተራራ ጉሙን ሳይገፍፍ ተነሥተን በእግራችን ነበር የምንሄደው። ወንዶቹ ቦላሌ ይለብሳሉ፤ የእግሩ ጫፍ ሰፊ ስለሆነ መንገዱን እየጠረገ ይሄዳል፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲደርሱ ታችኛው ጫፍ ከአቧራ የተሠራ ይመስላል። እኛ ሴቶቹ ሰማያዊ ቀሚስና ነጭ ሸራ ጫማ ነበረን። ጫማው ሲቆሽሽ ከክፍል በሰረቅነው ጠመኔ እንቀባው ነበር፤ ዝናብ ከመጣ ግን ወተት የረገጥን ነው የምንመስለው። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥር ሳንቲም። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አንዲት ካሴት ብቻ የነበረችው፤ ከጠዋት እስከ ምሽት ያንኑ የፍቅር ዘፈን ያጫውታል፤ ክሯ ስለላላ ዘፋኙ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው እየተጎተተ ነው የሚዘፍነው። ዛሬ ያ ቦታ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ሳልፍ ግን ጆሮዬ አሁንም ያንን ዘፈን ይጠብቃል። ከልብስ ሰፊው አጠገብ የክፍል ጓደኛችን የሙዘሚል አባት ሱቅ ነበር፤ ከስልጤ የመጡ፣ ስኳርን በጋዜጣ ጥቅልል፣ ላምባን በማንቆርቆሪያ የሚሸጡ፣ ለተማሪ ደብተር ሲሸጡ አንድ ከረሜላ የማይረሱ ሰው ነበሩ።

እኔ የመጣሁት ከቦምቤ ነው። በዚያን ጊዜ ቦምቤ ከስምንተኛ በላይ ትምህርት ስለሌለ አባቴ የእናቴን እህት ታደለችን ለምኖ እሷ ዘንድ አስቀመጠኝ። አክስቴ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። የቦሎቄ ወጥና የተቀቀለ የቦዬ ሥር በዳጣ በርበሬ ነበር ሥራዋ፤ ለሹፌርና ለረዳት፣ ለገበያተኛ፣ ደመወዝ ላልደረሰለት አስተማሪ። ቀጥ ያለች፣ ብዙ የማታወራ፣ ሳቋን እንደ ቅመም ቆጥባ የምትጠቀም ሰው ነበረች። በመጣሁ ቀን አንዲት ደንብ ብቻ ነገረችኝ። “እዚህ የመጣሽ ለትምህርት ነው። ከትምህርት ቤት አንድ ክፉ ቃል ከሰማሁ፣ በማግስቱ ቦምቤ ነሽ።” ቦምቤ መመለስ ማለት ደግሞ ትምህርቴ አለቀ ማለት ነበር። ሌላ ዘመድ የለንም። ይህንን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ኬሚስትሪ ያስተማረን መምህር ሽፈራው ይባል ነበር፤ ገና ተመርቆ የመጣ የናዝሬት ልጅ፣ ቀጭን፣ አንድ ክንዱ ላይ አሲድ የበላው ቀዳዳ ያለበት ነጭ ጋዋን የሚለብስ። ያንን ቀዳዳ እንደ ሜዳሊያ ነበር የሚያሳየን። ላብራቶሪ የምንለው ክፍል ቀድሞ የወንበር መጋዘን የነበረ ነው፤ ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ የውሃ በርሜል፣ በላምባ የሚሠራ አንድ ምድጃ፣ በመደርደሪያው ላይ ጽሑፋቸው የደበዘዘ ጠርሙሶች። የአሞኒያ ሽታ ከበር ይቀበላችኋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር ሳንነካ ደንብ ብቻ ተማርን። አሲድ ውሃ ውስጥ እንጂ ውሃ አሲድ ውስጥ አይጨመርም። አትሩጡ። አትቅመሱ። የመጨረሻውን ደንብ ጠመኔውን እስኪሰብር እየተጫነ ነው ሰሌዳ ላይ የጻፈው፦ አንድ ነገር ከሰበርክ፣ ካፈሰስክ ወይም ካበላሸህ በዚያው ደቂቃ ለመምህርህ ንገር። ከዚያ ወደ ዳታ አመዘጋገብ ገባን። ዳጣ በርበሬያችንን አስታውሶን ክፍሉ ሲስቅ፣ ሰውየው ምን እንዳሳቀን አልገባውም። “ያያችሁትን ጻፉ፤ ያላያችሁትን አትጻፉ” አለ። እኛም በአንድ ድምፅ ደገምነው።

መድገም የእኛ ሙያ ነበር። አብዛኞቻችን የቃለ ሕይወትና የመሰል አብያተ ክርስቲያናት ልጆች ነን፤ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እሁድ እሁድ ምዕራፍ በቃል አጥንተን፣ አንዲት ቃል ሳንስት የተናገርን እንደሆነ ብስኩት እየተሸለምን ነው ያደግነው። መጽሐፍ ያለውን ሳያዛንፉ ማለት ነበር የእኛ ጉብዝና። መምህር ሽፈራው ደንቦቹን በአንድ ትንፋሽ ስንወጣቸው ተደስቶ ነበር። ምን ዓይነት ልጆች እንደሆንን ግን ገና አላወቀም።

“ብርጭቆ ሳይሰብር ማጠብ የሚችል ማነው?” ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ አክስቴ ቤት ሳጥብ ስለሚያዩኝ ነው። እንዲህ ሆኜ የላብራቶሪ ሞኒተር ሆንኩ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ታሰረ። ከሁሉ በላይ አደራ የተባልኩት ቴርሞሜትሩን ነበር። አንድ ብቻ ነው፤ ከውጭ አገር የመጣ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የሚተኛ፤ መምህሩ ራሱ ሳጥኑን ሲከፍት ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

የሙከራው ቀን ቀድሜ ገብቼ ጠረጴዛዎቹን ወለወልኩና ሳጥኑን ከፈትኩ። ቦምቤ ክሊኒክ የነበረው ድሬሰር ትዝ አለኝ። አባቴ ወባ ሲይዘው ቴርሞሜትሩን ብብቱ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት እጁን ወርውሮ ቸፍ ቸፍ ያደርገው ነበር። እኔም ሁሉም ቴርሞሜትር እንዲህ የሚደረግ መስሎኝ፣ ያንን የከበረ ዕቃ ይዤ፣ ክንዴን ከፍ አድርጌ ሦስት ጊዜ በኃይል አራገፍኩት። ከዚያ መልሼ ጥጡ ላይ አስተኛሁት። ሥራዬን በወጉ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ስድስት ቡድን ነበርን። ምድጃው ላይ ውሃው እየፈላ እያንዳንዱ ቡድን በተራ እየመጣ ያነባል፤ ቁጥሩን ወስዶ በየደብተሩ ይጽፋል። መጽሐፉ ለሦስት ተማሪ አንድ ነበር። የእኛን ቡድን መጽሐፍ በሳምንቱ የያዘችው ልጅ ታምማ ቀርታለች፤ ስለዚህ እኔ መጽሐፉ ምን እንደሚል አላየሁም። ተራችን መጨረሻ ነበር። በተነገረኝ መሠረት ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ከመስመሩ ትክክል አድርጌ አነበብኩ፤ ዘጠና ሦስት። ጠበቅሁ፤ ውሃው እየተንፈቀፈቀ ነው፣ መስመሩ ግን አይነቃነቅም። ዘጠና ሦስት ብዬ ጻፍኩ።

መምህሩ ውጤታችንን ሰሌዳ ላይ ደረደረ። መቶ፣ መቶ፣ መቶ፣ መቶ፣ መቶ፣ ዘጠና ሦስት። ክፍሉ ሳቀ። “አስናቀች፣ አነባበብሽ ትክክል አልነበረም” አለኝ ለስለስ ብሎ። አይ፣ እንዲህ ነው ያየሁት አልኩ። ሊያሳየኝ ብሎ ራሱ ቴርሞሜትሩን ነከረና ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር። ዘጠና ሦስት። እንደገና ነከረ። ዘጠና ሦስት።

“አምስት ቡድን መቶ አግኝቷል” አለ ቀስ ብሎ። “አንቺ ዘንድ ሲደርስ ነው የተበላሸው።” ይህን ሲል የጠዋቱ ማራገፌ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እኔ ያራገፍኩት ከሁሉም በፊት ስለሆነ፣ ተበላሽቶ ቢሆን አምስቱ ቡድኖች እንዴት መቶ አዩ ብዬ ማሰብ አልቻልኩም፤ የደነገጠ ልጅ እንዲህ አያሰላም። በዚያው ደቂቃ ንገር የሚለው ደንብ ሰሌዳው ጥግ ላይ ገና አልጠፋም ነበር። እኔ ግን አልነገርኩትም። “ነገ አሳዳጊሽን ይዘሽ ነይ” አለኝ መምህሩ።

ሄጄ ለአክስቴ ነገርኳት። ቦሎቄ እየለቀመች ነበር። ትምህርት ቤት ትፈለጊያለሽ፣ ዕቃ ተበላሽቶ ነው አልኳት። ማራገፌን አልነገርኳትም። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ቦሎቄዋ ተመለሰች። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ኬሚስትሪ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነበር። አክስቴ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ተማሪው ሁሉ ተቀምጧል። መምህሩ ወንበር ሰጣትና ነገሩን በትሕትና አስረዳት፤ ዕቃው አንድ ብቻ እንደሆነ፣ በእጄ እንደነበረ። ያን ጊዜ መቻል አቃተኝ። “እኔ ነኝ” አልኩ፤ “ጠዋት እንደ ድሬሰሩ ሦስት ጊዜ አራገፍኩት።” አልቅሼም ነበር፤ መካድ አያስፈልግም። አክስቴ አየችኝ። መምህሩ ቴርሞሜትሩን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው፤ ውስጡ ያለው የሜርኩሪ ክር የተቆረጠ ቦታ ካለው ፈለገ። “የትኩሳቱ ቴርሞሜትር አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ነው የሚራገፈው፤ ይሄኛው ግን አያስፈልገውም” አለ። ቀጥሎ ግንባሩን አከከ። “የተቆረጠ ነገር ግን የለም። ደህና ነው የሚመስለው።”

አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። “መምህር፣ እኔ ፊደል የለኝም። አንድ ነገር ልጠይቅ?”

“ይጠይቁ እማማ።”

“ውሃው እሷ ፈላች ወይስ አልፈላችም?”

“ፈልቷል።”

“ተንፈቀፈቀች?”

“አዎ።”

“እንግዲያ ይሄ ዕቃ ምን አጠፋ?” አለችና ነጠላዋን አስተካከለች። “እኔ ድሮ ቆላ ነበርኩ፤ አባያ ሐይቅ አጠገብ፣ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ። ቦሎቄ ጠዋት ከጣድኩ ምሳ ሳይደርስ እሷ ትፈርሳለች። ከዛ ዳሞታ ወገብ ላይ ወጣን፤ የባሌ እናት ቤት። ያው ቦሎቄ፣ ያው ድስት። ቀኑን ሙሉ ትፈላለች፣ አይበስልም። አማቴ ሰነፍ አለችኝ። ሶዶ ወረድኩ፤ መሃል ሆነ። እሳት ያው ነው፣ ሴትዮዋም ያው እኔ ነኝ። ውሃ ከፍታ ላይ በደንብ ሳይግል ነው የሚፈላው። ማንም ምግብ ቤት ያላት ሴት ይሄን ያውቃል።”

መምህር ሽፈራው ጠመኔውን አስቀመጠ። ቀጥሎ ወደ እኛ ዞረና “በእውነት፣ በዓይኑ መቶ ያየ እጁን ያውጣ” አለ። አንድ እጅ አልወጣም። ቆይቶ ሙዘሚል ተነሣ፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር። “ቲቸር፣ እኛም ዘጠና ሦስት ነው ያየነው። መጽሐፉ መቶ ስለሚል ግን… የተሳሳትነው እኛ መሰለን።” ከኋላው ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሡ። አምስቱም ቡድን ዘጠና ሦስት አይቶ መቶ ጽፏል። ማንም ከማንም አልተማከረም። ሊዋሹም አልነበረም፤ መጽሐፍን ማሳፈር ነውር ስለመሰላቸው ነው። ጉድ ፈላ ማለት ይሄኔ ነው።

ሊገርፈን ይችል ነበር፤ ዘመኑም ይፈቅድለት ነበር። እሱ ግን የተማሪ ወንበር ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። “የአየር ግፊት” አለ ለራሱ። “ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ እኮ። በዓይኔ ሁለት ጊዜ ዘጠና ሦስት አይቼ፣ እኔም መጽሐፉን አመንኩ።” ተነሥቶ አክስቴን እጅ ነሣ። እኔንም ይቅርታ ጠየቀኝ፤ በሰው ፊት፣ በስሜ ጠርቶ። አስተማሪ ተማሪን ይቅርታ ሲጠይቅ በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው ነበር። “ግን ማራገፍሽን ትናንት ልትነግሪኝ ይገባ ነበር” አለ ጨምሮ። እውነቱን ነው። በደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ሲወርድ በትክክል ተሰማኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ምድጃውንና የቆርቆሮ ሳጥኑን ተሸክመን ዳሞታን ወጣን። ነፋሱ እሳቱን እያጠፋ አስቸገረን፤ ወንዶቹ በቦላሌያቸው ከለሉት፤ ለአንድ ጊዜ ጠቀመ። ውሃው ዘጠና አንድ እንኳ ሳይሞላ ፈላ። ሁላችንም ተራ በተራ ጎንበስ ብለን አይተን፣ ያየነውን ጻፍን፤ ከመካከላችን አንዱ ዘጠና ተኩል ብሎ ሌላው ዘጠናና ትንሽ ብሎ ተከራከርን፤ መምህሩ ክርክሩን እየሰማ ደስ ብሎት ዳቦ ይበላ ነበር። በኋላ ዕድሜዬ ሙሉ ማሽኑ የማይጠበቅ ቁጥር ባወጣ ቁጥር፣ ሐኪሙ “ይሄ ሊሆን አይችልም” እያለ ቢቆጣም፣ ደግሜ ለክቼ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ስንት ጊዜ የማይመስለው ቁጥር እውነት ሆኖ ሰው እንደዳነ እኔ አውቃለሁ። ቃልኪዳንም ሰኞ ቴርሞሜትሩ ተራዋ እስኪደርስ እንደምትጠብቅ ነግራኛለች፤ ስልኳን እያየች ነው የነገረችኝ፣ ቢሆንም አምኛታለሁ።

ግን ያን ቀን ደወሉ ሲደወል፣ ከዳሞታውም ከሁሉም በፊት፣ እኔና አክስቴ አብረን ወጣን። እሷ ከፊት ትሄዳለች፤ እኔም ኋላ ኋላዋ። ወደ ቤት መታጠፊያው ስንደርስ አልታጠፈችም። ቀጥታ ወደ መናኸሪያው ገባችና በአረካ በኩል ወደ ቦምቤ የሚሄደው መኪና አጠገብ ቆመች። ተጭኖ ሊነሣ ነበር። ረዳቱን ጠራችውና ወደ ጣራው እያመለከተች “ያቺን ጥቅል አውርድልኝ” አለችው።

“የምትሄደው ልጅ ናት ብለሽኝ አልነበረም እንዴ ጠዋት?” አለ ረዳቱ።

“አትሄድም። አውርድ።”

ወረደ። በአክስቴ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነው። በአንድ ጥጉ የቤት ቀሚሴ ብቅ ብሏል፤ የስምንተኛ ክፍል ደብተሮቼም አሉ፤ እናቴ የሰጠችኝ ማበጠሪያም አለ። እኔ ክፍል ሳለሁ ነው የጠቀለለችው። የመጣችው መምህሩን ልትሰማ ሳይሆን ልትወስደኝ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷ ወደ ሌላ ታያለች።

“አሁንስ?” አልኳት።

“አሁንማ ነገ ትምህርት አለሽ” አለች። “ያዢ፤ እኔ ወገቤን ያመኛል።”

ጥቅሉን ተሸከምኩ። መኪናው ያለ እኔ ወደ ቦምቤ ሄደ።